በማሰሮው ዙሪያ አርባ ሰባት ልጆች

ሦስት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ክብ ነገር ላይ የተሣለ ሥዕል መቁጠር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ከየት እንደተጀመረ ካልታወቀ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ከቻይናው ማሰሮ አፍ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ወደ ታች አወረድኩና ከክሩ ተነሥቼ ወደ ቀኝ እየዞርኩ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት እያሰመርኩ፣ ተመልሼ ክሩ ጋ እስክደርስ ቆጠርኩ። አርባ ሰባት። በሁለተኛው ዙር አርባ ሰባት፣ በሦስተኛውም አርባ ሰባት። ከማሰሮው ጋር ለረጅም ዘመን የኖረው፣ በታይፕ የተጻፈው የመዝገብ ካርድ ግን "መቶ ልጆች ሲጫወቱ" ይላል።

ካርዱ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። በቻይና የዚህ ዓይነት ሥዕል መጠሪያው "መቶ ልጆች" ነው፤ የተሣሉት ሠላሳም ይሁኑ ስልሳ፣ መቶ ማለት ሙሉ፣ ብዙ፣ የማያልቅ ማለት ነው። በማሰሮ ላይ ይሣላል፤ በሐር ይጠለፋል፤ በሙሽራ አልጋ ልብስና በትራስ ላይ ይደረጋል። ቤታችሁ በልጅ ይሙላ የሚል ምርቃት ነው። ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት አውቀው ነበር። ቢሆንም ቆጠርኩ። ሳልቆጥር ቁጥር የምጽፍ ሰው አይደለሁም።

ያኔ እዚሁ ኦስሎ የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ ሙዚየም የዕቃ ማከማቻ ውስጥ እስከ ሰኔ በሚቆይ ኮንትራት ተቀጥሬ ነበር። ማከማቻው ቢየርቪካ፣ ከአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ጀርባ፣ ከምድር በታች ነው። መስኮት የለውም። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ውጭ በረዶ ይጣል ወይም ፀሐይ ትውጣ የምናውቀው ሰው ገብቶ በሚያወልቀው ጫማ ነበር። ቦታው ተስማምቶኝ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል፤ አፌን ስከፍት ጆሮዬ ይግላል፣ ድምፄ መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይኔን ግን አምነዋለሁ። አንድ ዕቃ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጊዜ ከተሰጠኝ፣ ሌላው ያለፈውን ነገር አገኛለሁ።

አለቃዬ በአምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ ሽበቷን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ንግግሯም እርምጃዋም ፈጣን የሆነ ኖርዌጂያዊት ናት። ለፀደይ ስለ ጨዋታ የሚያሳይ ለሕፃናት የሚሆን ትንሽ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀች ነበር። ከማከማቻው አሥራ ሁለት ዕቃዎች ይወጣሉ፤ መሃል ላይ የሚቆመው ማሰሮው ነው። ከጎኑ የሚለጠፈውን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ለስድስት ዓመት ልጅ የሚነበብ ይሁን" አለችኝ። "ምን ምን እንደሚጫወቱ ንገሪን፤ ታሪኩን ለትልልቆቹ ሌላ ቦታ እንጽፈዋለን።"

የጨዋታዎቹ ዝርዝር ካርዱ ላይ አለ። ካይት የሚያበር፣ በእንጨት ፈረስ የሚጋልብ፣ ፌንጣ የሚያፋልም፣ ከበሮ የሚመታ፣ የአንበሳ ጭንብል ያጠለቀ። ከአንድ ዛፍ ሥር ያለውን ልጅ ደግሞ ካርዱ "የሚያለቅስ ልጅ" ይለዋል። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ግንዱን ተደግፏል።

ገና ሳየው ሳቄ መጣ። ይህ ልጅ አያለቅስም። እንደሱ ሆኜ፣ ዓይኔን በክንዴ ከድኜ፣ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ተደግፌ ስንት ከሰዓት በኋላ አሳልፌያለሁ! "አኩኩሉ!" እላለሁ። የተደበቁት ገና ካልተመቻቸው "አልነጋም!" ይሉኛል። እንደገና "አኩኩሉ!" እላለሁ፤ እንደገና "አልነጋም!"፤ እስኪነጋላቸው ድረስ። ማስረጃም ነበረኝ። ከዛፉ ራቅ ብሎ ከአንድ ዓለት ኋላ የተጎነበሰ ልጅ አፉን በእጁ አፍኗል፤ ሳቁን ነው የያዘው። ሌላው በሰፊ የሙዝ ቅጠል ሥር ተኮራምቷል። ካርዱ እነዚህን ሁለቱን "የሚያርፉ ልጆች" ብሏቸዋል።

ለአለቃዬ አሳየኋት። አጎንብሳ ከዛፉ ወደ ዓለቱ፣ ከዓለቱ ወደ ቅጠሉ በጣቷ ሳትነካ መስመር ሠራች።

"ያን ሁሉ ዓመት አልቃሻ አድርገነው!" አለችና ጠጋኙን ጠራችው። ጠጋኙ የተሰበሩ ዕቃዎችን የሚያድስ፣ ከምዕራቡ ጠረፍ የመጣ፣ ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው። መጣ፣ አየ፣ "ድብብቆሽ ነው" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ማሰሮው የምለው ሁሉ ያለ ጥያቄ ይታመን ጀመር። እኔም ራሴን አመንኩ፤ ከሚገባው ትንሽ በላይ።

የምኖረው ሊንደበርግ፣ አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እዚህ አገር ከመጣች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሲደንቃት ካልሆነ በቀር ቤት ውስጥ ኖርዌጂኛ አትናገርም። ያን ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኩሽና ተቀምጣ ካሮት ትልጣለች። ስለ ማሰሮው አወራኋትና በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ሰጠኋት።

"መነጽሬን አቀብይኝ" አለች። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። "ውይ! ቁንጮ!"

"አዎ፣ ቁንጮ አላቸው።"

"አላቸው ትላለች እንዴ! የኛ ልጆች ናቸው እንጂ። ይሄንን ባለ ፈረሱን አየሽው? ቁርጥ ታናሽ ወንድሜን። መቼ ነው ቻይና የሄደው?"

"ሳይነግርሽ ሄዶ ነዋ።"

"እሱ መች ተናግሮ ያውቃል!"

እውነቷን ነበር። በድሮ ቻይና የትንንሽ ልጆችን ጭንቅላት ላጭተው አናት ላይ ወይም ጎንና ጎን ትንሽ ትንሽ ጸጉር ይተዉላቸው ነበር። ኖርዌጂያውያኑ ባልደረቦቼ ይህን ጸጉር ሲያዩ እንግዳ ነገር ነው የሚያዩት። እኔና አክስቴ ግን ዘመድ ነበር ያየነው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈች ድንገት ቆመች።

"ይቺ ደግሞ ሴት ናት።"

"የትኛዋ?"

"ይቺ፣ ከበሮው አጠገብ ያለችው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ጋሜ ነዋ! አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የተተወ። አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?"

በእነአክስቴ አገር ለወንድ ልጅ ቁንጮ፣ ለሴት ልጅ ጋሜ ነበር የሚደረግላቸው። አክስቴ እጇን በፎጣ ጠርጋ ተነሣችና ከመኝታ ቤቷ አንድ ፎቶ አመጣች። የማውቀው ፎቶ ነው። አክስቴ ዘጠኝ፣ እናቴ አምስት ዓመት ገደማ ሆነው፣ ከታናሽ እህታቸው ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሦስቱም አናታቸው ተላጭቶ ዙሪያውን ክብ ጸጉር አላቸው፤ ሦስቱም ፎቶ አንሺው የሚበላቸው ይመስል ዓይናቸውን አፍጥጠዋል። ፎቶውን ከስልኬ ጎን አስቀመጥነው። እውነትም አንድ ነበር። ከዚያ ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ጀምረን ደግመን አየን፤ ጋሜ ያላቸው ሁለት ተጨማሪ ልጆች አገኘን። አንዷ የሎተስ አበባ ይዛለች፤ አንዷ ከማሰሮው ጀርባ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

"ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ሦስት ሴት" አለች አክስቴ። "እንደኛ ቤት።"

ጽሑፌን በማግስቱ ጻፍኩ። አርባ ሰባት ልጆች ይጫወታሉ፤ ከነሱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ በጸጉራቸው ትለዩዋቸዋላችሁ የሚል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ላይ ያሉት ሁሉም ወንዶች እንደሆኑ፣ ምርቃቱም የወንድ ልጅ ምርቃት እንደነበረ አንብቤ ነበር። በማስታወሻዬም ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ጋሜውን ካየሁ በኋላ ግን፣ መጽሐፉ ስለ ሌሎቹ ማሰሮዎች የሚናገር፣ የእኔ ማሰሮ የተለየ መሰለኝ። ድብብቆሹን ያገኘሁት መጽሐፍ ነግሮኝ ሳይሆን ተጫውቼው ስለማውቅ ነበር። ይህንንም እንደዚያው አየሁት።

አለቃዬ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ወንበሯን አዙራ አየችኝ።

"ይህን ማንም አላስተዋለውም።"

"አክስቴ ናት ያስተዋለችው" አልኩ፤ ድምፄ ግን ዝቅ ያለ ስለነበር አልሰማችኝም።

በዚያው ሳምንት ባለ ከበሮዋ ልጅ የኤግዚቢሽኑ ፖስተር ሆነች። ከሥሯ "ሦስቱን ሴት ልጆች ታገኟቸዋላችሁ?" ተብሎ ተጻፈ። ልጆች ማሰሮውን እየዞሩ ይፈልጓቸዋል። አለቃዬ የመጀመሪያዎቹን ሕፃናት እንዳስጎበኝ የምትፈልገው እኔን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ቀጥላም "ከሰኔ በኋላ ስለሚሆነውም አንድ ቀን እንነጋገር" አለች። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ቴባነው፣ የከተማው ባቡር ውስጥ አልተቀመጥኩም፤ እስከ ሊንደበርግ ድረስ ቆሜ ሄድኩ።

ነገሩ የተገለበጠው አንድ ማክሰኞ ነው። ማሰሮው ወደ ማሳያው ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ጽዳት ያስፈልገው ነበር። ጠጋኙ ለስላሳውን ብሩሽና ጭንቅላት ላይ የሚታሰረውን ማጉያ መነጽር ሰጠኝ፤ መብራቱንም ከጎን አቆመልኝ፤ ከጎን የሚመጣ መብራት ትንሹን ነገር ሁሉ ያጋልጣል። እሱ ሌላ ክፍል ነበር። ብቻዬን ከአፉ ጀምሬ ወደ ታች እየጠረግሁ ከሰዓት በኋላ ላይ በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጋ ደረስኩ። እግሮቿን ከፈት አድርጋ ነው የተቀመጠችው። በጭኖቿ መሃል የአቧራ ነጥብ የመሰለ ነገር አለ። ብሩሹን አሳለፍኩበት። አልሄደም። ደገምኩ። አልሄደም።

መነጽሩን አስተካክዬ ተጠጋሁ። ሱሪዋ ከመሃል ክፍት ነው። ሕፃናት በቀላሉ ሽንታቸውን እንዲሸኑ እንዲህ ያለ ሱሪ በዚያ አገር እንደሚሰፋ አውቃለሁ። በተከፈተው ቦታ ሠዓሊው ከጸጉር በቀጠነው ብሩሹ አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ፣ ለጥርጣሬ ቦታ የማይተው ነገር ሠርቷል። ቢበዛ የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህላል።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ቀጥሎ ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ክሩን እንደገና አወረድኩና አርባ ሰባቱንም አንድ በአንድ ዞርኳቸው፤ በዚህኛው ዙር የቆጠርኩት ልጆቹን ሳይሆን ጸጉራቸውን ነበር። አናታቸው የተላጨው ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከሌሎቹ በአንድ ራስ ያጥራሉ፤ ሦስቱም ሆዳቸው ላይ የሕፃን መከለያ አስረዋል። ጸጉሩ የሚለየው ሴትን ከወንድ ሳይሆን ሕፃኑን ከትልቁ ነበር። ማስታወሻዬን ገልጬ በራሴ እጅ የጻፍኩትን አነበብኩ፦ ሁሉም ወንዶች ናቸው። እዚያው ነበር፤ የትም አልሄደም።

አክስቴ ቤት ስደርስ ኮቴን እንኳ አላወለቅሁም።

"ወንዶች ናቸው" አልኳት።

"እነማን?"

"ሦስቱ። ባለ ጋሜዎቹ።"

"ኔይ!" አለች በኖርዌጂኛ።

በማጉያው በኩል ያነሣሁትን ፎቶ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መቀመጫ እስክትፈልግ ድረስ ሳቀች።

"ይሄ ባለጌ ሠዓሊ! ይሄን ለማን ብሎ ነው የሣለው?"

"አንቺ ሴት ናት ስላልሽ ሊመልስልሽ ነዋ።"

"እሺ፣ አንዱ ወንድ ነው እንበል" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ሁለቱስ?"

"ሁለቱም ናቸው፣ እትዬ።"

"ጋሜ ጋሜ ነው። ሠዓሊው ተሳስቶ ይሆናል።"

"ሠዓሊው ቻይናዊ ነው። የገዛ አገሩን ጸጉር ነው የሣለው።"

"እሱስ ነው" አለች፤ ይህን ስትል ሳቋ ሄደ። "እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው?"

"ነገ ስብሰባ አለ። መናገር አለብኝ።"

"ማን ጠየቀሽ? ማጉያ መነጽር አስሮ የሚመጣ ሕፃን አለ?"

"የለም።"

"ሴትዮዋ ከሰኔ በኋላ እንነጋገር ያለችሽ በፖስተሯ ልጅ ምክንያት አይደለም? ቆይ ትንሽ፤ መጀመሪያ ያነጋግሩሽ።"

ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ። አክስቴ ለእኔ ብላ እንጂ ውሸት ወዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሷም ሐሳቤን እንደማልለውጥ ታውቃለች። ሳህን አወጣችልኝ፣ ምግብ አቀረበችልኝ። ከተቀመጥን በኋላ ስልኩን ስባ እንደገና ታየው ጀመር።

"ታዲያ ሴቶቹ የት ሄዱ?" አለች።

"የትኞቹ ሴቶች?"

"አርባ ሰባት ወንድ ሲጫወት። ለነዚህ ሁሉ አንዲት እህት የላቸውም?" ስልኩን አስቀመጠችው። "እንዲያውም ልንገርሽ፤ የኛን ግቢ አንድ ሰው ቢሥለው ኖሮ እኔም ሥዕሉ ላይ አልኖርም ነበር። ታናሼን አዝዬ ከበሩ ቆሜ ነበር የማያቸው። ብዙ ጊዜ ያዘልኩት እናትሽን ነው፤ ከባድ ነበረች።"

በማግስቱ ስብሰባው የነበረው ከምሳ በፊት ነው። ስድስት ሰዎች ነን፤ የምሳ ሣጥኖቻችን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የምለውን ቴባነው ውስጥ በኖርዌጂኛ ጽፌ ሸምድጄዋለሁ፤ አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን ከአራቱ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቀድመው ወጡ።

"ማሰሮው ላይ ሴት ልጅ የለችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

አለቃዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምን ማለትሽ ነው?"

ጆሮዬ ጋለ፤ ድምፄ ግን አልከዳኝም። ምናልባት ያየሁትን ነገር ብቻ ስለምናገር ይሆናል። "መብራቱንና መነጽሩን አዘጋጅቻለሁ። ኑና እዩ" አልኩ።

ተነሥተው ተከተሉኝ። አንድ በአንድ መነጽሩን እያሰሩ ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያዋ ባልደረባችን አየችና በሳቅ ፈነዳች፤ ሁለተኛው "ይቅርታ፣ የቱን ነው የማየው? እ... እሺ" አለ። ጠጋኙ ከሁሉም በላይ ቆየ። ቀና ብሎ መነጽሩን ፈታና፣ ድብብቆሽ ነው ባለበት በዚያው ድምፅ፣ "ወንድ ነው" አለ።

አለቃዬ አልሳቀችም። "ፖስተሩ ነገ ነው ማተሚያ ቤት የሚሄደው።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ የተናገርኩት።"

"ለመሆኑ እንዴት ሴቶች መሰሉሽ? ይህን ያህል እርግጠኛ ሆነሽ ነበር እኮ።"

የሦስቱን እህቶች ፎቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለዚህ ብዬ ነበር ከአክስቴ የተዋስኩት። ስለ ቁንጮና ስለ ጋሜ ነገርኳቸው፤ የትኛዋ እናቴ፣ የትኛዋ አክስቴ እንደሆነች አሳየኋቸው። ያለወትሮዬ ረጅም ተናገርኩ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አለቃዬ ጋ ሲደርስ ከማሰሮው ጎን ያዘችውና ሁለቱን አስተያየች።

"ይህ ፎቶ ቤቷ የሌላት ሴት ይህን ስህተት አትሳሳትም ነበር" አለች በመጨረሻ። መናደዷ ይሁን ማዘኗ አልገባኝም። "ቢሆንም ስህተት ነው። እና አሁን ምን እንጻፍ? ልጆቹ ምን ይፈልጉ?"

"ጥያቄ እንጻፍ" አልኩ። "አርባ ሰባት ወንዶች እየተጫወቱ ነው። ሴቶቹ የት ናቸው?"

"መልሱስ?"

"እኔ አላውቀውም። አክስቴ ናት የጠየቀችው።"

በዚህኛው ጊዜ ሰማችኝ። ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ከጽሑፌ ግማሹ ተቆረጠ፤ ጥያቄው ቀረ። ፖስተሩ ላይ በባለ ከበሮው ቦታ ካይት የሚያበረው ልጅ ገባ፤ ለእኔ ዓይን ትንሽ ደበዘዘ። ስለ ሰኔ ያን ቀን ማንም አላነሣም። ሰኔ ሲደርስም የእኔ ኮንትራት ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ጊዜያዊ ሠራተኞች አልታደሰም፤ በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አልጠየቅሁም፤ ዛሬ የምሠራው ሌላ ማከማቻ ውስጥ ነው። የመዝገብ ካርዱን ግን ሳልሄድ በፊት አስተካክዬዋለሁ። "አርባ ሰባት ወንዶች ልጆች" ይላል። ቀጥሎ "ቀደም ሲል የሚያለቅስ የተባለው ድብብቆሽ የሚጫወት ነው" ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የራሴ ስህተት ከነምክንያቱ በሁለት መስመር ተጽፏል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው የት እንደተደናቀፍኩ ይወቀው።

ማስጎብኘቱ አልቀረልኝም። የመጀመሪያዎቹ የመጡት አመሩድ ካለ አንድ ባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ አሥራ አራት ሕፃናት፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ ሁሉም ሕፃናት የሚያበራ ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል። ክብ ሠርተው ማሰሮው የቆመበትን ረጅም መቆሚያ ከበው ተቀመጡ። ጀመርኩ።

"አይሰማም!" አለች ቀይ ቦት ጫማ ያደረገች ልጅ።

ጮክ አልኩ።

"አሁንም አይሰማም!"

ባለ ዛፉን ልጅ አሳየኋቸውና ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ድብብቆሽ አሉ፤ አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸውም። እኔ ልጅ ሆኜ እንዴት እንጫወተው እንደነበር ነገርኳቸው። ፈላጊው "አኩኩሉ" ሲል ተደባቂው ገና ካልተዘጋጀ "አልነጋም" ይላል አልኩና ቃሉን አስተማርኳቸው። ለመጮህ ምክንያት ነው የፈለጉት፤ ክፍሉን "አልነጋም! አልነጋም!" እያሉ አናወጡት። አለቃዬ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

ከዚያ ጥያቄውን አነበብኩላቸው። ሴቶቹ የት ናቸው?

"ትምህርት ቤት።"

"ቤት ናቸው፣ እየበሉ።"

"ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ነው።"

ባለ ቀይ ቦቷ ሁሉንም በንቀት አየቻቸው። "ተደብቀዋል" አለች። "እሱ ገና እየፈለጋቸው ነው።"

"ወንዶችም ተደብቀዋል እኮ፤ አየናቸው" አላት አጠገቧ ያለው።

"እነሱ መደበቅ አይችሉም፤ ለዚህ ነው የታዩት።" ወደ እኔ ዞረች። "ውስጡን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ሳጸዳው አየሁት። ባዶ ነው።"

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ሌላ ቦታ ናቸው" አለች፤ ጉዳዩ ለእሷ አለቀ።

ወደ ቀሩት ዕቃዎች ሄድን፤ የእንጨት ፈረስ አየን፣ የጨርቅ ኳስ አየን። መሄጃቸው ሲደርስ አስተማሪዋ በር ላይ አሰለፈቻቸውና ቢጫ ሰደርያዎቹን ትቆጥር ጀመር። አሥራ ሦስት። ፊቷ ተለወጠ፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሥራ ሦስት። ሌላዋ አስተማሪ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጠች።

እኔ ወደ መሃል አየሁ። ከማሰሮው መቆሚያ ጀርባ የአንድ ቀይ ቦት ጫማ ጫፍ ይታያል። ለአስተማሪዋ በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ደረቷን ይዛ ተነፈሰች።

በጣቴ ጠቁሜ እዚያ ናት ማለት እችል ነበር። ይልቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ግንባሬን በክንዴ ላይ ደገፍኩ፤ ዓይኔን ከደንኩ። አለቃዬ አሁንም በር ላይ ናት፤ ሌሎች ጎብኚዎችም ገብተዋል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከዚያ በፊት አውጥቼ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ፤

"አኩኩሉ!"

ከማሰሮው ኋላ ቀጭን ድምፅ መለሰልኝ።

"አልነጋም!"